ሚስተር ዊትኮም ዝም የሚሉበት ሜዳ

ነገሩ የሆነው በኅዳር መጨረሻ በምናከብረው የምስጋና ቀን፣ በ1907 ነው። ወይስ በ1908? እህቴ ሄስተር 1908 ነው ብላ ትምላለች፤ የሊንድኲስት ወፍጮ ጣራ በነፋስ የተገነጠለበት ዓመት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ኳሱን አስታውሳለሁ እንጂ ጣራውን አላስታውስም። ሚስተር ኢራስተስ ዊትኮም ቢኖሩ ሁለታችንንም አርመው፣ ቀኑን ከነሰዓቱ ነግረውን፣ የቀን መቁጠሪያ እንዴት እንደተጀመረ ሳያስረዱን አይለቁንም ነበር።

ማስተማር የማያቆም መምህር የሌለበት ከተማ የለም። ሌላው መምህር ደወል ሲደወል ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህኛው ጠመኔው ከጣቱ ቢለቅም ከምላሱ አይለቅም። ለእኛ ለኮብስ ፌሪ ሰዎች የደረሱን ክቡር ሚስተር ዊትኮም ነበሩ፤ የጂኦሜትሪ፣ የላቲንና የታሪክ መምህር፣ በዚያ ላይ የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ። እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ብብት ውስጥ ነው። እግር የሚያስፈልገው የወደቀውን ለመርገጥ ነበር።

«ለምን መሰለህ? ልንገርህ።» ይህችን ከአፋቸው የሰማ ሰው የተሸከመውን ዕቃ መሬት ያስቀምጣል፤ ቶሎ እንደማይለቁት ያውቃልና። ሥጋ ሻጩን ቢላ አያያዝ አስተምረዋል። ፓስተሩን ትንፋሽ አወሳሰድ አስተምረዋል። አያቴ ሲቀበሩ ደግሞ ሣጥኑን የተሸከሙትን ሰዎች መንገድ መሃል አስቁመው «ትከሻ ዝቅ፣ እርምጃ አጠር» አሏቸው። አጎቴ ከሣጥኑ ሥር ሆኖ፣ ሟቹ ባይቸኩሉም ተሸካሚዎቹ እየከበዳቸው እንደሆነ በትሕትና አሳሰባቸው።

«ክብደቱማ ነው ነገሩ» አሉ። «ለምን መሰለህ? ልንገርህ።»

ነገሩትም። የሚያናድደው፣ ትከሻቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሣጥኑ በእርግጥ ቀለላቸው። አጎቴ ይህን እስኪሞት ይቅር አላላቸውም። እሱን ስንቀብር እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ትከሻዬን ዝቅ፣ እርምጃዬን አጠር አደረግሁ።

ቤታቸው እራት መጋበዝ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። የሰሃኑን ባቄላ በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ እንደ ተጫዋች ደርድረው፣ ድንቹን ዳኛ አድርገው፣ ሥጋው እስኪረጋ ያስረዳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ላቪኒያ ብቻ ነበሩ የሚደፍሯቸው። «ኢራስተስ፣ የግራ ክንፍህ ቀዘቀዘ፤ ብላው» ይሏቸዋል።

እኛ ተጫዋቾቹማ ምን እንላለን። በዚያ ዘመን የራስ ቁር የሚያደርግ ስለሌለ ጭንቅላታችንን የሚያተርፍልን ጎፈሬያችን ነበር። ከነሐሴ እስከ ምስጋና ቀን መቀስ አያርፍብንም፤ ፀጉር አስተካካዩ በመንገድ ሲያየን ፊቱን ያዞራል። ሚስተር ዊትኮም ራሳቸው እንደ እንቁላል ተመልጠው ስለ ፀጉር ጥቅም ግማሽ ሰዓት ይሰብኩናል። ከዚያ ውርጭ በመታው የከብት ማሰማሪያ ላይ መውደቅ ያለማምዱናል። «መጀመሪያ አስብ፣ ከዚያ ውደቅ!» አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ «መምህር፣ ሦስት ሰው ላዬ ላይ ወጥቶ መቼ ነው የማስበው?» አልኳቸው።

«ማክሰኞ፣ ሃስኬል። ማክሰኞ ያላሰበ ቅዳሜ ይሰበራል።»

እንግዲህ እግዚአብሔር ለኮብስ ፌሪ አዝኖ አንድ ሕግ ሰጥቶ ነበር። ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ አሠልጣኝ ከሜዳው ዳር ሆኖ ለተጫዋች አንዲት ቃል መናገር አይችልም፤ ከተናገረ ቡድኑ ይቀጣል። ከተማው ጨዋታ የሚመጣው ለኳሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚስተር ዊትኮም ዝም ብለው ለማየት ነው። ሴቶቹ ሹራባቸውን ይዘው ፊት ለፊታቸው ይቀመጣሉ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን ይነክሳሉ። ወይዘሮ ላቪኒያ በየመስከረሙ ለዚሁ ጉዳይ የሚሆን ርካሽ ባርኔጣ ይገዙላቸው ነበር። ለፈረስ የኮቴ ብረት የሚመታው ሰውዬ፣ በመሐረብ ምልክት ቢሰጡ ማንም አያውቅም ብሎ ቢመክራቸው፣ ሕግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስኪመሽ ሲያስረዱት ዋሉ።

ያን ዓመት ግን ዝምታው ቀልድ አልነበረም። የቴምፕልተን ከተማ ልጆች በምስጋና ቀን አራት ዓመት አከታትለው አሸንፈውናል። የወፍጮው ባለቤትና የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሊቀመንበር ሚስተር ጉስታፍ ሊንድኲስት ፖስታ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዘንድሮም ከተሸነፍን፣ ላቲን የሚያውቅ ሌላ ሰው አይጠፋም» አሏቸው።

«ይጠፋል እንጂ» አሉ ሚስተር ዊትኮም። «ለምን መሰለዎ? ልንገርዎ።» ሊያባርራቸው ለፈለገው ሰው፣ እሳቸውን የሚተካ ማግኘት ለምን እንደሚያስቸግር በዝርዝር አስረዱ።

የምስጋናው ቀን ደረሰ። አምስት ለዜሮ እየተመራን ነው፣ እየጨለመ ነው፣ ኳሱ ደግሞ ከቴምፕልተኖች መስመር አፍንጫ ሥር ደርሷል፤ መስመሩን አንዴ ካለፍነው አምስት ነጥብ ነው። ኳሱን ለእኔ ሰጡኝ። አቀርቅሬ ገባሁ፤ ሜዳው ሁሉ ላዬ ላይ ወደቀ። ክምሩ ሲነሣልኝ ኳሱ ከደረቴ ሥር ነበር። እጆቼን አየኋቸው፤ የሌላ ሰው እጆች መሰሉኝ።

በእኛ ዘንድ የወደቀ ቶሎ ይነሣል። በሕጉ ከሜዳ የወጣ አይመለስምና፣ ጓደኛ ሲወድቅ በብብቱ ገብቶ ብድግ ማድረግ የወንድምነት ግዴታ ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ ብብቴን ይዘው ሊያነሡኝ ሲሉ፣ ከሜዳው ዳር ድምፅ መጣ።

«ሃስኬል፣ አትነሣ! ልቀቁት! አንድ ሰው እንዳይነካው!»

ለቀቁኝ። ያን ድምፅ መታዘዝ ለምዶብን ነበር።

ዳኛው ከሌላ ከተማ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ፊሽካውን ነፍቶ፣ ከዳር የተናገረው ማነው ብሎ ጠየቀ። ጨለማ ነው፣ ሕዝቡ ተጨናንቋል። ሚስተር ሊንድኲስት ወዲያው፣ «እኔ ነኝ፤ ተመልካች ነኝ፤ ተመልካች መጮህ አይከለከልም» አሉ። ዳኛውም ሊያምናቸው ነበር። ኮብስ ፌሪ በሙሉ፣ እንደዚያች ቅጽበት ሚስተር ዊትኮም ዝም እንዲሉ ተመኝቶ አያውቅም።

እሳቸው ግን እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ፣ እስኪፈቀድላቸው ጠበቁ።

«እኔ ነኝ። አሠልጣኙ ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አሉ ሊንድኲስት፣ አንቱታውን ረስተው። «አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትል ምናለ!»

በቅጣቱ ኳሱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጨለመ፣ ተሸነፍን። እኔን የጎተራ በር ነቅለው በጀርባዬ አስተኝተው ወሰዱኝ። ሐኪሙ አንገቴን ዳብሶ፣ «በብብቱ አንሥተውት ቢሆን ኖሮ የምትጠሩት እኔን ሳይሆን ፓስተሩን ነበር» ብሎ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፤ ስለ ልጅ ሳይሆን ስለ ጊደር የሚያወራ ይመስል ነበር። ሊንድኲስት አሸዋ የተሞሉ ሁለት የዱቄት ጆንያዎች ላኩልኝ፤ አንገቴን በግራና በቀኝ ደግፈው ያዙልኝ።

ሚስተር ዊትኮምማ አልተዉኝም። መንቀሳቀስ የማልችል ተማሪ ማግኘት የሕይወታቸው ምኞት ነበር መሰለኝ። ወንበር ላይ ወጥተው ከአልጋዬ በላይ ጣራው ላይ ሦስት ማዕዘን የተሣለበት ወረቀት በሚስማር መቱብኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ዓይኔን በገለጥሁ ቁጥር ጂኦሜትሪ። ስለ ጨዋታው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልጠየቅሁም። ሳይጠየቅ ሁሉን የሚያስረዳ ሰው ራሱ እስኪያነሣው መጠበቅ ይበቃል ብዬ ነበር።

በየካቲት ቦርዱ እንዳለው አደረገ፤ ሚስተር ዊትኮም ኔብራስካ ሥራ አገኙ። አንገቴን በቆዳ ማሰሪያ አስሬ ባቡር ጣቢያ ሄድሁ። ሻንጣ ጫኙን፣ ዕቃ በጉልበት እንጂ በወገብ እንደማይነሣ ሲያስተምሩት ደረስሁ። ሰውዬው ሣጥኑን እንደተሸከመ በዓይኑ ተማጸነኝ። እሳቸው ዞር ብለው አዩኝና፣ ደህና ነህ ወይ ሳይሉ፣ «ሃስኬል፣ ማሰሪያህ ላልቷል» ብለው አንድ ቀዳዳ ጠበቅ አደረጉልኝ።

ከሜዳው ማዶ፣ በዚያ ጨለማ፣ መነጽራቸው ጉም ለብሶ፣ ባርኔጣቸው በጥርሳቸው ተይዞ፣ ምን አይተው ነው አትነሣ ያሉኝ? ልጠይቃቸው አፌን ከፈትሁ። ባቡሩ ጮኸ፤ እሳቸውም ደረጃውን ወጡ።

በመስኮቱ አየኋቸው። አጠገባቸው ወደ ተቀመጠው መንገደኛ ዞረዋል፤ ጣታቸውን አንሥተዋል። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከንፈራቸውን አነበብሁ።

ለምን መሰለህ? ልንገርህ።