ታሪካዊ ሆኖ የሚከፈት በር

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ መሐል ሜዳ፣ ጥሩሸዋ ምግብ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ (ሌላው ጥግ ስለሚበርድ)
ሰዓት፦ በጥሪው መሠረት ከቀኑ 8፡00፤ በተግባር 8፡50

የተገኙ
1. መምህር መልከ ጼዴቅ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፦ ሰብሳቢ
2. አቶ ተገኘ፣ ባለወፍጮ፦ አባል
3. ወ/ሮ ጥሩሸዋ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፦ አባል
4. ጽናት፦ ጸሐፊ
5. ጋሽ አጥናፉ፣ የዘወትር ተመጋቢ፦ ከ9፡05 ጀምሮ አባል

ያልተገኙ፦ አቶ ዮሴፍ (ዘመሮ ከተማ ሰርግ ላይ ናቸው)፤ ወ/ሮ ጠጄ (አቶ ዮሴፍ ሰርግ መሄዳቸውን ሲሰሙ ተከትለው ሄደዋል)።

ምልዓተ ጉባኤ፦ የሰፈራችን ኮሚቴ ደንብ ከሰባት አባላት አምስት ይጠይቃል። አራት ብቻ ስለነበርን፣ ምሳቸውን ጨርሰው ሲታጠቡ የተገኙት ጋሽ አጥናፉ እጃቸው ሳይደርቅ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

የስብሰባው ምክንያት፦ መንገዱ ስለሚሰፋ፣ ታሪክ ያላቸው ቤቶች ታሪካቸውን በቃለ ጉባኤ እስከ ነገ ከሰዓት እንዲያቀርቡ፣ ታሪክ የሌላቸው ግን እንደሚፈርሱ የሚገልጽ ደብዳቤ ከማዘጋጃ ቤቱ ደርሷል። ወ/ሮ ጥሩሸዋ አሥራ ስምንት ዓመት ሽሮ ሠርተው ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚህ ቤት መሆኑን፣ ከፈረሰ መግቢያ እንደሌላቸው አስረዱ። ጉባኤው አዝኖ ወደ አጀንዳው ገባ።

አጀንዳ 1፦ የቤቱን ዕድሜ መወሰን

አቶ ተገኘ የድንጋዩ ግድግዳ ክንድ ከስንዝር ስለሚወፍር ሁለት መቶ ዓመት ይሆነዋል አሉ። ሰብሳቢው ታሪክ አስተማሪ እንደመሆናቸው ከመቶ ሃምሳ በላይ ኅሊናቸው እንደማይፈቅድ ገለጹ። ጋሽ አጥናፉ «እኔ እኮ ይኼን ቤት...» ብለው ሲጀምሩ ንግግራቸው ለ«ልዩ ልዩ» እንዲቆይ ተነገራቸው። ከረዥም ውይይት በኋላ መካከሉ ተወስዶ ቤቱ 175 ዓመቱ እንዲሆን ተወሰነ። ጸሐፊዋ ቆርቆሮውስ ብላ ስለጠየቀች፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ጣሪያው የቤቱ አካል እንዳልሆነ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በቤቱ ያረፉ ታላላቅ ሰዎች

አቶ ተገኘ ቅድመ አያታቸው ፊታውራሪ በቅሏቸውን እዚሁ ደጃፍ አስረው ማደራቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው የእሳቸውም ቅድመ አያት ግራዝማች እንደነበሩና አብረው ማዕድ መቁረሳቸውን ጨመሩ። አቶ ተገኘ ሁለቱ ሰዎች በርስት ድንበር ሃያ ሁለት ዓመት ሲካሰሱ የኖሩ በመሆናቸው፣ ቅድመ አያታቸው ከዚያ ሰው ጋር በአንድ በር እንኳ ሊገቡ እንደማይችሉ በጽሑፍ እንዲያዝላቸው አሳሰቡ። ተይዟል።

ከረዥም ውይይት በኋላ በሁለት በር ገቡ ተባለ። ወ/ሮ ጥሩሸዋ ቤቱ አንድ በር ብቻ እንዳለው አስታወሱ። ስለዚህ እስከ ነገ ጠዋት በምድጃው በኩል ሁለተኛ በር እንዲከፈት፣ ሲከፈትም ታሪካዊ ሆኖ እንዲከፈት ተወሰነ። ወ/ሮ ጥሩሸዋ «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ፤ ቤቴን አድኑልኝ ብላችሁ እናንተው ልትንዱት ነው?» ብለዋል። አስተያየታቸው በአድናቆት ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ የቤቱ አካባቢ

ከደጃፉ ያለው ቦይ ጥንታዊ ምሽግ እንዲባል ተወሰነ። ቦዩ አምና ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረ ነው፤ ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ ወድቃበታለች።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጋሽ አጥናፉ ተናገሩ። ሰብሳቢው ደንቡን ገልጠው አባል የሆነ ሰው ምስክር መሆን እንደማይችል አነበቡ። አባልነታቸውን ቢለቁም ምልዓተ ጉባኤው ስለሚጎድል የሚሰማቸው ጉባኤ አይኖርም። ስለዚህ የሚከተለው በቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍ በሦስት ድምፅ ተወሰነ፦

«ይኼን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሰባ አራት። ድንጋዩን ከወንዙ በአህያ አመላልሼ፣ ጭቃውን ከባለቤቴ ከተሾመች ጋር ረግጠን። ብርድ ስለማትችል በሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርግልኝ አለችኝ፤ አደረግሁ። ከእሷ በኋላ ብቻዬን ማደር ቢያቅተኝ ለጥሩሸዋ ሸጥኩላት። ምሳዬን ሁልጊዜ እዚያ ጥግ የምበላው መደባችን እዚያ ስለነበረ ነው። ፊታውራሪም ግራዝማችም አልገባበትም። የገባችበት እሷ ናት።»

እንዳይጻፍ የተወሰነው እዚህ ላይ ያበቃል። ወ/ሮ ጥሩሸዋ አሥራ ስምንት ዓመት ምሳ ሲያቀርቡላቸው ይህን አለመስማታቸውን ተናግረው አለቀሱ። ጸሐፊዋም እንዲሁ።

ጋሽ አጥናፉ በጎቻቸው ከመስክ የሚገቡበት ሰዓት ስለደረሰ «አባልነቱን መልሻለሁ» ብለው 11፡20 ላይ ወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሳይፈረም ምልዓተ ጉባኤ ከጎደለ የተወሰነው ሁሉ እንደሚሻር ደንቡ ይደነግጋል። በዚሁ መሠረት 175ቱ ዓመት፣ ጣሪያው፣ ሁለቱ ቅድመ አያቶች፣ ሁለተኛው በርና ምሽጉ ተሽረዋል። ጸሐፊዋ «እንዳይጻፍ የሚለውስ ውሳኔ?» ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው ደንቡን ዘግተው «ሁሉም» አሉ። የጋሽ አጥናፉ ቃል ግን ንግግር እንጂ ውሳኔ ስላልነበረ የሚሻርበት አንቀጽ አልተገኘም። የቤቱ ታሪክ ሆኖ ነገ የሚቀርበውም እሱ ነው።

ስብሰባው 11፡40 ላይ ተበትኗል። አራታችን ፈርመናል። አምስተኛው መስመር ክፍት ነው፤ ጋሽ አጥናፉ ነገ ለምሳ ሲመጡ ይፈርማሉ።