ደም አቅጣኙ አያ ደርበው

ትምህርት ቤት ያላስተማረው፣ መንግሥት ያልሾመው ሐኪም የሌለበት ሰፈር አገራችን ውስጥ የለም። የእኛ የቆሰበሮቹ ክቡር አያ ደርበው ናቸው። ስለ በሽታ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል፦ «ደም ወፍሯል!»

ራስህን አመመህ? ደም ወፍሯል። እግርህ አበጠ? ደም ወፍሯል። ጎረቤታችን ይታይሽ ባሏን ስታኮርፍ እንኳ ፊቷን አየት አደረጉና፣ «ደሟ ወፍሮ ነው እንጂ ልጅቱስ ጨዋ ነበረች» አሉ። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጦ፣ ጤና አዳም ገብቶበት፣ በማር ተለውሶ፣ በባዶ ሆድ። የሚያናድደው፣ አንዳንዱ ሰው ይሻለዋል።

«ተሳስቻለሁ» ሲሉ የሰማ የለም። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አልሰሙም።

መንጋጋዬን ዳንግላ ወርጄ ላስነቅል መሆኑን ሲሰሙ ደነገጡ። «ወፍራም ደም ተይዞ ጥርስ ይነቀላል? እዚያው ረግቶ ጉንጭህን ያሳብጠዋል!» ብለው ሰባት ጠዋት መድኃኒታቸውን አጎረሱኝ። በስምንተኛው ቀን አብረውኝ ተሳፈሩ። ሽታዬ ከእኔ ቀድሞ ዳንግላ ገባ።

የክሊኒኩ ድሬሰር አድማሴ ጥርሴን በቀላሉ ነቀለው፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ጥጥ ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ። ዓይኔ ብዥ አለ፤ ልጆቼ ትዝ አሉኝ፣ ፈራሁ። አድማሴ ሽታውን ከወጥ ቆጥሮት ኖሮ፣ «የወሰድከው መድኃኒት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ሽማግሌውን በሰው ፊት ማሳጣት አልሆነልኝም። የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ይኼኔ በሩ ላይ ሆነው ሲሰሙ የነበሩት አያ ደርበው ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

«ዋሽቶህ ነው፣ ልጄ። ደሙን ያቀጠንሁት እኔ ነኝ። ሰባት ቀን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት አብልቼዋለሁ። ተሳስቻለሁ፤ በእግዜር፣ አድንልኝ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ግማሹ የቆሰበር ሰው ነበር። አድማሴ ነገሩ ሲገባው ድዴን ሰፋ፣ ጥጡን አጥብቆ አስነከሰኝ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ደሙ ቆመ።

ዛሬ አዲስ ደንብ አውጥተዋል። መድኃኒት ፈልጎ የመጣውን ሁሉ፣ «ጥርስ የምታስነቅለው መቼ ነው?» ይላሉ። አንድ ጥርስ ያልቀራቸውን እትዬ ዋጋዬን ሳይቀር ጠይቀዋል። ሰፈሩ ይስቃል፤ እኔም ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ እስቃለሁ። ስማቸውን ሰውተው እኔን ያተረፉኝን ሰው ግን እወዳቸዋለሁ፤ በፊቴ የሚስቅባቸው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።