ዶክተር ምን-ሆነና

ዕቃ መጣል የማይሆንለት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ ወይም በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያሞቅ ማሞቂያ ካያችሁ ሰውየው ቅርብ ነው። ልትጥሉት እጃችሁን ስትዘረጉ ከየት መጣ ሳትሉት ብቅ ይልና «ምን ሆነና?» ይላችኋል።

የእኛ ሆስፒታል ይህን ጸጋ የታደለው በማህፀን ሐኪማችን በኩል ነው። ሠራተኛው እኚህን ሴትዮ ከጀርባቸው «ዶክተር ምን-ሆነና» ይላቸዋል። እኔ ደግሞ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። በሌላ አነጋገር፣ ደሞዝ የሚከፈለኝ እሳቸው የሚወዱትን ሁሉ እንድጥል ነው።

የማዋለጃ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ያለው የግድግዳ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ስለሚቀድም እንዲወገድ ወሰንን። ክብርት ዶክተር ስብሰባው ላይ ሳይጠሩ ገብተው፣ «ለአዋላጅ ስምንት ደቂቃ ከሚቀድም ሰዓት የተሻለ ምን አለ?» ብለው ውሳኔውን አሻሩ። የተቀደዱትን መጋረጃዎች ስንሰበስብ ደግሞ «እጃችሁ ይፍታታ» እያሉ ለተለማማጅ ሐኪሞች አደሏቸው። ዛሬ በዚያ ክፍል ከመጋረጃው ጨርቅ ስፌቱ ይበልጣል።

ዋናው ጠባችን ግን በርጩማቸው ነበረች። አንድ እግሯ ተሰብሮ በጄሶ ጠግነውታል፣ ልክ እንደ ሰው። አራት ዓመት ሙሉ የዝርዝሬ ተራ ቁጥር አንድ እሷ ነበረች። አንድ ቀን «ይወገድ» የሚለውን ቀይ ወረቀት ለጠፍኩባት። በማግስቱ ወረቀቱን የራሴ ወንበር ጀርባ ላይ አገኘሁት፤ ግማሽ ቀን ተደግፌው ከዋልኩ በኋላ።

ከዚያ ባለቤቴ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጃችን በቀዶ ጥገና ተወልዶ በዘጠነኛ ቀኑ ነው ያረፈው። አሁን ደግሞ እንግዴ ልጁ በዚያው በድሮው ስፌት ላይ ተጣብቆ የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስሮ እንደገባ በምርመራ ታየ። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ከወጣ በኋላ በራሱ አይላቀቅም፤ እናላቅቀው ቢሉ ደም ይፈሳል፤ እናት ትሞታለች። መጀመሪያ ያየን ሐኪም ማህፀኑ አብሮ መውጣት አለበት አለን። እኔ ወዲያው ተስማማሁ። ማስወገድ ሥራዬ ነው።

ባለቤቴ ግን ክብርት ዶክተር ካላዩኝ አለች። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የምርመራ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ዶክተር፣ ማህፀኑ ይውጣ» አልኩ። «ብቻ እሷ ትትረፍልኝ።»

«ምን ሆነና?»

ደሜ ፈላ። «ሚስቴ መጋረጃ አይደለችም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። እጀታው በስፌት ክር የታሰረ ነው። «አይደለችም። ለዚህ ነው እሷን የምጠይቀው። ንብረቱ ያንተ አይደለም።» ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ከተቻለ ይቆይልኝ» አለች። «ይሄኛውም እንደ መጀመሪያው ቢሆንብኝስ?»

ዶክተር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዴ ልጁ የገባበትን ቦታ ቆርጬ አብሬ አወጣዋለሁ፤ ጤነኛውን መልሼ እሰፋዋለሁ። ደሙ እምቢ ካለኝ ግን ማንንም ሳላማክር ሙሉውን አወጣዋለሁ። ያኔ ምን ሆነና የለም። ተግባባን?»

ባለቤቴ ፈረመች። እኔ እስክሪብቶ አቀበልኩ።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት ከክፍሌ አራት ሠራተኞች ደም ሰጡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ያንን የፈረደበት ሰዓት ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ሲል ነርሷ ደም ፍለጋ ሮጣ ወጣች፤ ተመልሳ ገብታ ብዙ ሳትቆይ እንደገና ወጣች። ጣሉት፣ ሁሉንም ጣሉት፣ እሷን ብቻ መልሱልኝ እያልኩ ነበር። ለማን እንደምናገር አላውቅም።

ሰዓቱ ሰባት ሲል ዶክተር ወጡ። ገና ሰባት አልሞላም ነበር።

«ሴት ልጅ ናት። እናትየውም ደህና ናት። ማህፀኑም አለ።» ግድግዳውን ተደገፉ። «ተጠግኗል ማለት አዲስ ሆነ ማለት እንዳይመስልህ። ሌላ ልጅ ካማራችሁ መጀመሪያ እኔ ጋ ትመጣላችሁ።»

እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። እሳቸው በርጩማቸውን አንጠልጥለው ባለቤቴ አልጋ አጠገብ አኖሩና፣ ደም ይመለስ እንደሆነ እያዩ እስኪመሽ ተቀመጡ።

በሳምንቱ ቢሮዬ መጡ። በርጩማዋ በእጃቸው ናት፤ ጄሶው ለሁለት ተሰንጥቋል። «ይህቺስ በቃት» አሉኝ። «አስወግዳት።» አብረን በሠራንባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ በገዛ እጃቸው ያስረከቡኝ የመጀመሪያ ዕቃ ነው። ተቀበልኩ፤ መዝገቡ ላይ «ተወግዷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ልጅቷ አርባ ቀን ሲሞላት ሊጠይቁን ቤት መጡ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ክብርት ዶክተር ሕፃኗን አዩ፤ ከዚያ ዝቅ ብለው የበርጩማዋን እግር አዩ። እኔ ራሴ ነበርኩ ያሰርኩት። ማብራሪያ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

«ጄሶውን ማን ነው እንዲህ አጣሞ ያሰረው?» አሉና መሬት ላይ ተንበረከኩ። «በል ሌላ አምጣ።»

ያለ ወጪ ማዘዣ ከመጋዘኔ የወጣ አንድ ጥቅል ጄሶ ቀርቶኝ ነበር። አመጣሁላቸው።