በእቅፍ የሚለኩት እትዬ የትነበርሽ

በየዘመዱ መሃል ሹራብ የምትሠራ አንዲት አክስት አትጠፋም። እኛ ዘንድ የለችም የሚል ካለ፣ ልኩ ገና አልተወሰደም ማለት ነው እንጂ መኖሩንስ ትኖራለች።

ስማቸው ለሚባለው ጎልማሳና ለዘመዶቹ የደረሱት እትዬ የትነበርሽ ናቸው። ጠዳ ተቀምጠው ከጎንደር እስከ ትክል ድንጋይ ያለውን ዘመድ ያለብሳሉ። ጾመ ነቢያት ሲገባ መርፌያቸውን ያነሣሉ፣ የገና ዕለት ያስቀምጣሉ። ክር የሚገዙት ሲቸግራቸው ብቻ ነው። ያረጀ ሹራብ የለበሰ ዘመድ ካገኙ "እስቲ አውልቀው" ብለው እዚያው መተርተር ይጀምራሉ። በዚህ የተነሣ የአንዱ የዘንድሮ እጅጌ የሌላው የአምና ጀርባ ነው። ቤተሰቡ ሰብሰብ ሲል ዝምድናውን ለማወቅ ፊት ማየት አያስፈልግም።

ሜትር የሚባል ነገር አይነኩም። "በሜትር የሚለካህ የማያውቅህ ሰው ነው" ይላሉ። የእሳቸው መለኪያ እቅፍ ነው። ኅዳር ላይ በየቤቱ እየዞሩ ጉንጭ ስመው ሳይጨርሱ ጥብቅ አድርገው ያቅፋሉ። እጃቸው ከትከሻ ወደ ወገብ ይወርዳል፣ እዚያ ትንሽ ይቆይና "በቃ፣ ይዤዋለሁ" ይላሉ። ከዚያ በእጃቸው ያገኙትን ሁሉ በሰው ፊት ይዘረግፉታል፦ ወፍረሻል፣ ከስተሃል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የስማቸው ታላቅ ወንድም አያ በላቸው በጨጓራ መታመሙን ሐኪም ሳያውቅ የእሳቸው ሹራብ ጠቦ መጥቶለታል። "ልክ አይደለም" ያለ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፦ "እጄ ተሳስቶ አያውቅም። የተሳሳተው ገላህ ነው።"

የስማቸው ሚስት ሰርካለም በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ተከራይተው ነው የሚኖሩት። እስከ አምና ድረስ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን እቅፉን ፈራችው። ከባሏ በቀር ማንም የማያውቀው ጽንስ ይዛለች። ካቻምና የመጀመሪያውን ለሁሉ ተናግራ፣ ሁሉም መርቋት፣ ጽንሱ ሲጨነግፍ ደግሞ በየተራ ለጠየቃት ሰው "የለም፣ አልሆነም" እያለች መመለስ ነበረባት። ያን መልስ ዳግመኛ መመለስ አትችልም። ስለዚህ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ድረስ ዝም ሊሉ ከስማቸው ጋር ተስማሙ።

እትዬ የትነበርሽ ኅዳር ላይ ሲመጡ ሰርካለም በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን ብቻ ዘረጋች።

"ጉንፋን ይዞኛል እትዬ፣ እንዳላስይዝዎት።"

"ምነው ልጄ፣ እኔ ስንቱን ጉንፋን የቀበርሁ ሴት" አሉና በሩን ገፍተው አቀፏት። ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ትንፋሿን ያዘች። እጃቸው ወገቧ ላይ ሲደርስ ከወትሮው በላይ ቆየ። "በቃ፣ ይዤዋለሁ" ብለው ውኃ ጠጥተው ሄዱ። ወፍረሻል የለ፣ ከስተሻል የለ።

"ምንም አላሉም" አለችው ለስማቸው።

"እንግዲህ ሹራቡ ይናገራል" አለ፣ ደስ ሳይለው።

የገና ዕለት ጠዳ፣ እትዬ ቤት፣ ዶሮው ተበልቶ ሹራቡ መታደል ጀመረ። የሰርካለም ሲዘረጋ ትከሻው ሸጋ ነው፣ ደረቱም ልክ ነው። ከደረት በታች ግን ሰፍቶ ሰፍቶ ወረደ።

አያ በላቸው ከእጇ ተቀብሎ ከፍ አድርጎ አሳየ። "እትዬ፣ ይኸማ ኩንታል ጤፍ ይይዛል። እንግዲህ እጄ ተሳሳተ ይበሉና!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ስንት ገና የጠበቁት ቀን ነው። ሰርካለም ጆሮዋ ድረስ ጋላት። እትዬ አንድ ጊዜ አይተዋት ዓይናቸውን መለሱ።

"አዎ፣ ተሳስቻለሁ" አሉ። "እጄ አርጅቷል። አምጣው፣ እተረትረዋለሁ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። እትዬ የትነበርሽ እንዲህ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። አያ በላቸው ራሱ አዘነና ድምፁን አለዝቦ "ዕድሜ ነው እትዬ። ከእንግዲህስ መርፌውን አስቀምጠው ይረፉ" አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። እትዬ አጎንብሰው የክሩን ጫፍ ፈልገው መሳብ ጀመሩ።

ሰርካለም የእሳቸውን ጣት ታያለች። እኚህ ሴት አንድም ቀን ለሐኪም ያልለቀቁትን ክብር ለእሷ ምሥጢር ሲሉ ሰው ፊት እየተረተሩት ነው። በዚያች ሰዓት እንደ እናቷ ወደደቻቸው። እጇን ሹራቡ ላይ ጫነች።

"አይተርትሩት እትዬ። ልኬ ነው።"

"ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ ተሳስቻለሁ አልሁ እኮ።"

"ግንቦት ድረስ ይሞላል" አለችና ተነሥታ በቀሚሷ ላይ ለበሰችው።

ለሁሉ ተገለጠ፤ ለአያ በላቸው መጨረሻ ላይ። ሰዉ አፉን ለምርቃት ሲያዘጋጅ እትዬ በእጃቸው ከለከሉ። የተተረተረው ጠርዝ ከሰርካለም ወገብ በታች ተንጠልጥሏል።

"ወደዚህ ቅረቢ፣ አታውልቂው" አሏት። መርፌያቸውን አነሡና ሆዷ ላይ ተደፍተው የፈቱትን መልሰው መሥራት ያዙ። እስኪጨርሱ ድረስ ቀና ስላላሉ ፊታቸውን ያየ የለም።