የሳሎኑ ቋንቋ ጠባቂ ኮሚቴ

አንድ ቋንቋ በአንድ ሳሎን ውስጥ ከመጥፋት ሲድን ማየት ለማንም የሚገጥም ዕድል አይደለምና፣ ነገሩ እንደ ማዕረጉ በክብር ይነገር።

ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ በመመረቋ ዋንጫ የተሸለመችው፣ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲህ «ዋንጫ» እያለ የሚጠራት ወጣት፣ በዓለም ላይ ስላሉ ትንንሽ ቋንቋዎች ያላነበበችው አልነበረም። በየደሴቱና በየሸለቆው ለሚሞቱት ሁሉ አልቅሳለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ ደነገጠች፤ ከእነዚያ አንዱ እፊቷ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ነበር።

መስማት የማይችለው ታላቅ ወንድሟ፣ አናጺው፣ ከእናቱና ከእሷ ጋር የሚግባባው ሦስቱ ከልጅነቱ ጀምረው ራሳቸው በፈጠሩት የእጅ ቋንቋ ነው። ጉንጭን መታ መታ ማድረግ «ራበኝ» ነው። አገጭን ቀና አድርጎ ዓይንን መጨፈን ደግሞ «ጨርሻለሁ» ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ይግባኝ የለም። ዓይኑን የጨፈነን ሰው በእጁ የሚያሳምን ማን ነው?

ዋንጫ ጊዜ አላጠፋችም። የቋንቋው ጠባቂ ኮሚቴ እዚያው ማዕድ ላይ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሯ እሷ፣ ጸሐፊዋ እሷ፣ ባለሙያዋም እሷ። ለወንድሟ የክብር እንግዳነት ተሰጠው። በመጀመሪያው ውሳኔ ከውጭ የሚገባ ምልክት ሁሉ ታገደ።

ጠላት ግን አይተኛም፤ አናጺው ሊያገባት ያሰባትን ልብስ ሰፊ ለእናቱ ሊያሳይ በዚያው ሳምንት ይዟት መጣ። እሷም አትሰማም፤ የምትግባባውም በትምህርት ቤት በተማረችው የምልክት ቋንቋ ነው። ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የእሱን ከእሷ እየቀላቀሉ፣ ጣቶቻቸው እንደ ገበያ ተንጫጩ።

«እማዬ፣ ይሄ ጋብቻ መቆም አለበት!»

«ምነው? ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«ቋንቋችንን እየበከለችው ነው! አሁን እንኳ ውሃ የለመናት በእሷ ምልክት ነው።»

«ሰጠችው?»

«ሰጠችው። ቁም ነገሩ እሱ አይደለም!»

«ታዲያ ለቋንቋሽ ሲባል ልጄ ቆሞ ይቅር?»

«ቅርስ መሥዋዕትነት ይጠይቃል።»

«በሰው ትዳር መሥዋዕት መሆን እንዴት ይቀላል፣ የኔ ልጅ!»

ዋንጫ ተነሣች። ጣቶቿን እንደ ፊደል እያሳመረች ውሳኔውን ለወንድሟ አስታወቀች፦ ልጅቷ መጀመሪያ የቤቱን ንጹሕ ቋንቋ ትማር፤ ኮሚቴው ይፈትናት፤ ካለፈች ይጋቡ፤ ከወደቀች ይቅር።

አናጺው ሁሉንም ሳያስቀር ለእጮኛው አስረዳት። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ አገጩን ቀና አደረገና ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸችበት፤ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። ወለሉን በእግሯ ደበደበች። ወደ እናቷ ዞረች፤ እናትም ጨፍነዋል። ዋንጫ እጆቿን እንደ ዘረጋች ቀረች። በየመጽሐፉ ያለቀሰችላቸው የመጨረሻ ተናጋሪዎች ምን እንደሚሰማቸው ያን ጊዜ ገባት።

በቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ የተገለጡት ዓይኖች የልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበሩ። ኮሚቴው ተስፋውን ሁሉ ወደ እሷ አዞረ። ልጅቷ እጮኛዋን አየች፤ አማቷን አየች፤ አንድ ነገር እንደሚያጠና ተማሪ ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጋ፣ በዝግታ፣ አንዳች ሳታዛንፍ ዓይኖቿን ጨፈነች።

እናት አንድ ዓይናቸውን ከፈት አደረጉ።

«ይኸው ተማረችልሽ። አለፈች?»

ዋንጫ በሕይወቷ በፈተና ላይ አጭበርብራ አታውቅም። እጆቿን አወረደች።

«አንደኛ ወጣች» አለች።