በሽታው ያልተስማማበት ክፍፍል

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ላስታውስ እችላለሁ። ስብሰባው ማክሰኞ ነበር ወይስ ሐሙስ፣ ሰብሳቢው ኮት ለብሶ ነበር ወይስ ጃኬት፣ አልምልም። ንዴቴን ግን አልረሳሁትም።

እኛ ማካፈል እናውቅበታለን። ቅርጫ ላይ ጉበቷ እንኳ እየተመተረች ለሁሉም ትደርሳለች። ይህን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ግን የአንድ ሰው ቤት ሲቃጠል ውሃውን ለሠፈሩ ሁሉ በእኩል ጣሳ ብናድለውስ? ሳቃችሁ አይደል? ቆዩ።

ጭሮ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር አተት ገባ። በሽታው ሁለት ዝርያ ነበረው፤ አንዱ የለመድነውን መድኃኒት ሲቀምስ ይሞታል፣ ሌላው ይስቅበታል። ለዚህኛው አዲስ መድኃኒት መጣ፤ ያውም ጥቂት ካርቶን። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ እንዲህ ዓይነት ወረርሽኝ ከከተማ ከተማ እንዴት እንደሚዛመት ስለነበር የመድኃኒት አከፋፋይ ኮሚቴው አስጠራኝ። መናኸሪያ ቆሜ ማን ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁ፤ ከተሞቹን ነጥብ፣ መንገዶቹን መስመር አድርጌ አሰላሁ። ራሴን ስለማላምን ደግሜ ደጋግሜ አሰላሁ። መልሱ ሁልጊዜ ሂርና ነው። ጫቱ የሚጫነው፣ ሚኒባሱ ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነዋ! በሽታው እዚያ ከታፈነ ሌላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። መድኃኒቱ በየቦታው ትንሽ ትንሽ ከተበተነ ግን የትም አይበቃም፤ ደካማው ዝርያ በድሮው መድኃኒት ይጠፋና ሜዳውን ለጉልበተኛው ይለቅለታል።

ሰብሳቢው በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «መምህር፣ ቀመርህ ግሩም ነው። ግን መሰላ ወረዳ ‹ለምን ተረሳሁ?› ብሎ ሲነሳ ቀመርህ ይመልስለታል?» አለ።

«መሰላ እኮ እስካሁን አንድም ታማሚ የለም!»

«ታማሚ ስለሌለው ይበደል?»

ተጨበጨበ። ለየወረዳው እኩል ካርቶን ተወሰነ። ሁሉም ተስማማ፤ በሽታው ብቻ ስብሰባው ላይ አልነበረም።

ጎረቤቴ አብዲ ከጭሮ ሂርና የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ፋጡማ ሂርና እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ታመመች። የድሮው መድኃኒት በሽታዋን አልበገረውም፤ የሂርና የአዲሱ ድርሻ ደግሞ አልቋል። አብዲ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ መድኃኒቱ የት አለ?»

«መሰላ።»

«በሽተኛው ሂርና፣ መድኃኒቱ መሰላ! ወላሂ፣ ይኼን ያሰላኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

አብዲ ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ ወደ መሰላ ነዳ። እዚያ የተመደበችው ነርስ፣ ሲስተር ሰናይት፣ ለፋጡማ የሚሆን ብቻ ሲለምናት ካርቶኑን እንዳለ አሸከመችው። «ሂርና ከአንተ ሚስት ሌላ ሰው አልታመመም እንዴ? ውሰድና ለጤና ጣቢያው አስረክብ!» ብላ ተቆጣችው። ፋጡማ ዳነች። ከእሷ ጎን የተኙትም ዳኑ።

ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ሲስተርን ያመሰገናት ይመስላችኋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! እነሱ ሲሳሳቱ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስህተታቸውን ያረመችው ግን «ክፍፍል አዛብታለች» ተባለች። ፋጡማ ብትሞት ኖሮ ክፍፍሉ አልተዛባም ማለት ነው።

እንዳላጋንን ብዬ፣ ወረርሽኙ ካበቃ በኋላ መሰላ ድረስ ሄጄ አጣራሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሰላ ውስጥ በአተት የታመመ አንድም ሰው አልነበረም። ሲስተር ሰናይት ከሥራ ታግዳለች።