ለአንድ አንጀት የታዘዘ

ምግብ ላይ ከሆናችሁ ይቺን ቆይታችሁ አንብቧት። ስለ አንጀት ነው የማወራችሁ።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ደጅ አልደረስኩም፤ ግን የመድኃኒት ወረቀት ካገኘሁ ሳላነብ አልጥልም። ያነበብኩትን ደግሞ ለሰው ካላስረዳሁ ያመኛል። አጎቴ አያ ይማም ከሰገራቸው ጋር ደም አይተው፣ አፍረው ወራት ደብቀው፣ በመጨረሻ ደሴ ሄደው አንጀታቸው በካሜራ ይታይ ሲባል አስታማሚው ማን ይሁን? እኔ!

ሐኪሙ ካሜራው ከመግባቱ በፊት አንጀት ይታጠብ ብሎ ዱቄት ሰጠን። በአራት ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ። ከዚህ በላይ አላስረዳም። እኔ አለሁ አይደል? ባረፍንበት አልጋ ቤት ጀሪካኑን እየናጥኩ ጀመርኩ። «አያ ይማም፣ ይሄ እንደ ኮሶ አይደለም። ውሃውን ወደ ደም እንዳይሰርግ አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። እኛ አገር የተራራውን ጎርፍ ጠልፈን ማሳ ላይ እንደምንለቀው በሉት። ከዚያ ያገኘውን ጠራርጎ ይወርዳል።»

ሰሙኝ፣ ሰሙኝና ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፉት። «በል ቅመስ!»

እኛ ዘንድ የቀዳው ሳይቀምስ ማን ይጠጣል? ቀመስኩ። ጨው ጨው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። እሳቸውም «ቢስሚላህ» ብለው ጨለጡ። ሁለተኛው ላይ «አንተስ?» አሉኝ። የእርስዎ ነው ብላቸው፣ «አንተ ቆመህ እያየኸኝ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» ድሮም የፈሩት ሞትን ነው፤ ሞትን ጠርተው ሲለምኑኝ እንዴት እምቢ ልበል? አንድ ብርጭቆ ምን ያመጣል ብዬ ጠጣሁ። ደገምን። ሠለስን። ጀሪካኑ አለቀ።

ከዚያማ ጎርፉ መጣ። ሽንት ቤቱ አንድ፣ እኛ ሁለት። ለታላቅ ቅድሚያ መስጠት ደንብ ነው፤ ጎርፍ ግን ታላቅ ታናሽ ያውቃል? እኔው ራሴ ግድብ ሆኜ በሩ ላይ እግሬን አጣምሬ ቆምኩ።

በማግስቱ ነርሷ፣ «አባባ፣ ሁሉንም ጠጥተዋል?» ስትል ባዶውን ጀሪካን ገልብጠው አሳዩዋት።

«የመጨረሻው እንደ ውሃ ጠርቶ ወጣ?»

ወደ እኔ ጠቆሙ። «የሱ ጠርቷል።»

ነርሷ ሳቀች። ሐኪሙ ግን ባልታጠበ አንጀት ምንም አይታይም ብሎ ቀጠሮውን በሦስት ሳምንት ገፋው። ወደ ቆቦ ስንመለስ ወልድያን፣ ጎብዬን፣ ሮቢትን እስክናልፍ የመድኃኒቱን ወረቀት ደጋግሜ አገላበጥኩ። ደም ለሚያይ ሰው ሦስት ሳምንት ምን ያህል እንደሚረዝም የትኛውም ወረቀት ላይ አላነበብኩም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ አያ ይማም በሩን ከውስጥ ዘግተው ጠጡት። ሐኪሙም ትንሽ እባጭ አግኝቶ ቆርጦ አወጣ። ክፉ አይደለም ተባለ፤ አልሃምዱሊላህ።

ቆቦ ስንመለስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። እኔም እንደ ልማዴ ስለ አንጀትና ስለ ጎርፍ ማስረዳት ጀመርኩ። አያ ይማም አቋረጡኝ። «ስሙት፣ ያውቃል። አንጀቱ ድረስ ነው የተማረው። መድኃኒት ስትጠጡ ግን ከቤት አስወጡት።»

አንዲት ጎረቤት አልለቀቀቻቸውም። «ታዲያ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉ የለ?»

«እሱ ለእንጀራ ነው» አሉ። «መድኃኒቱን ብቻውን የጠጣ፣ አብሮ ሊበላ ይመለሳል።»